በጥብቅ ዱር ውስጥ የሞተር መጋዝ ስለ ምን ተከለከለ?

የሰው ልጅ መሣሪያን ያበጀው ድካሙን ለማቃለል ነው። ድንጋይን አሹሎ መጥረቢያ ካደረገበት ጊዜ አንሥቶ ሞተርን እስከ ሠራበት ዘመን ድረስ ያለው የሥራ ታሪክ፥ በጥቂት ጉልበት ብዙ ለመሥራት የተደረገ የጥረት ታሪክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ስለዚህ አንድ መንግሥት የገዛ ሠራተኞቹን፥ «የሞተር መጋዝ እያላችሁ በእጅ መጋዝ ሥሩ፤ መኪና እያላችሁ በበቅሎ ጫኑ» ብሎ በሕግ እንደሚያዛቸው የሚሰማ ሰው መገረሙ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሕግ የሚገኘውም ሞተር ብርቅ በሆነበት አገር ሳይሆን፥ በሞተር ብዛት ስሙ በገነነው በአሜሪካ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሕጉ እንዴት እንደ ወጣና ምን እንደሚል፥ ሥራው በእጅ መሣሪያ እንዴት እንደሚከናወን፥ በመጨረሻም ሕጉ ያስነሣውን ክርክር በተቻለ መጠን ለማስረዳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ አውቶሞቢል እየበዛ በሄደ መጠን፥ የመኪና መንገድም ወደ ተራራውና ወደ ጫካው እየዘለቀ ሄደ። በዚህ ጊዜ የመንግሥትን ደኖች በሚያስተዳድረው በደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ አልዶ ሊዮፖልድ የተባለ ሰው፥ መንገድ ያልገባበት ምድር ጨርሶ ከማለቁ በፊት ጥቂቱ እንኳ እንዳለ ይጠበቅ ሲል አሳሰበ። በእርሱም ሐሳብ መሠረት በ1924 በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የሂላ ዱር ተከለለ። በ1939 ደግሞ በዚያው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን የነበረው ቦብ ማርሻል ባዘጋጀው ደንብ፥ እንዲህ ባሉ ቦታዎች የመኪና መንገድ መሥራትና በሞተር መጓዝ ተከለከለ።

ይሁን እንጂ ደንብ የሕግን ያህል የጸና አይደለም፤ ያወጣው መሥሪያ ቤት ራሱ መልሶ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ጥበቃው በምክር ቤት በጸደቀ ሕግ እንዲጸና የሚሹ ሰዎች ተነሡ። ከእነርሱም ዋነኛው ሃዋርድ ዛህናይዘር ነበር። የሕጉ ረቂቅ በመጀመሪያ በ1956 ለምክር ቤት ቀርቦ ስምንት ዓመት ያህል ሲከራከሩበትና ሲያርሙት ቆየ። ዛህናይዘር ግን የድካሙን ፍሬ ሳያይ በሜይ 5 ቀን 1964 ሞተ፤ ሕጉም እርሱ ከሞተ ከአራት ወር በኋላ፥ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1964 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ጸና። በዚያን ቀን በሕጉ የተጠበቁት ቦታዎች 54፥ ስፋታቸውም 3.7 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነበር። ዛሬ ቁጥራቸው ከ800 በላይ ሲሆን፥ ጠቅላላ ስፋታቸው 45 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው፤ ግማሽ ያህሉም የሚገኘው በአላስካ ነው። አንባቢ ይህን ስፋት በሚያውቀው ነገር ለመመዘን ቢፈልግ፥ ኢትዮጵያ ለሦስት ብትከፈል ከአንዱ እጅ የሚበልጥ መሆኑን ያስብ።

ሕጉ ጥብቅ ዱርን ሲተረጕም፥ ምድሪቱና በላይዋ ያለው ሕይወት በሰው እጅ ያልታሰሩበት፥ ሰውም እንግዳ ሆኖ መጥቶ የሚመለስበት እንጂ የማይሰፍርበት ቦታ ነው ይላል። ከዚህ ትርጕም የተነሣ በጥብቅ ዱር ውስጥ የንግድ ድርጅትና ቋሚ መንገድ አይፈቀድም። ከዚህም ሌላ ጊዜያዊ መንገድ፥ የሞተር ተሽከርካሪ፥ የሞተር ጀልባ፥ በሞተር የሚሠራ መሣሪያ፥ የአውሮፕላን ማረፍ፥ ሌላም ማናቸውም ዓይነት መካኒካዊ መጓጓዣ፥ እንዲሁም ሕንፃ ተከልክሏል። የሞተር መጋዝ የተከለከለው «በሞተር የሚሠራ መሣሪያ» ስለ ሆነ ነው። ብስክሌትም ሞተር ባይኖረው እንኳ መካኒካዊ መጓጓዣ ነው ተብሎ አይገባም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ክልከላው ለሽርሽር በሚመጣው ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን ቦታውን በሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ላይም የጸና መሆኑ ነው። በብዙ አገር ሕግ «መግባት ክልክል ነው» ሲል ጠባቂውን አይጨምርም፤ ጠባቂው በመኪናው እያለፈ ሌላውን ይከለክላል። በዚህ ሕግ ግን ጠባቂውም እንደ እንግዳው በእግሩ ወይም በበቅሎው ይገባል።

ሆኖም ሕጉ በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። የሰው ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ለምሳሌ እግሩ የተሰበረን መንገደኛ ለማውጣት፥ ሄሊኮፕተር ሊያርፍ ይችላል። የደን ቃጠሎን፥ ተባይንና የዛፍ በሽታን ለመከላከልም አስፈላጊው ርምጃ እንዲወሰድ ይፈቅዳል። በአላስካም በ1980 የወጣ ሌላ ሕግ አንዳንድ የሞተር መጓጓዣዎችን ስለሚፈቅድ በዚያ ያለው አሠራር የተለየ ነው። በሌላው ሥራ ሁሉ ሞተር የሚፈቀደው፥ ቦታውን ለሕጉ ዓላማ ለማስተዳደር የግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያውም ከሚበቃው ሳያልፍ ነው። ስለዚህ ባለሥልጣኑ ሁለት ጥያቄዎችን በየተራ መመለስ አለበት። 1ኛ፥ ይህ ሥራ በእርግጥ በዱሩ ውስጥ መሠራት አለበትን? 2ኛ፥ መሠራት ካለበት ዱሩን ከሁሉ ያነሰ የሚያውክ መሣሪያ የትኛው ነው? በሞተር ይፈጥናል ወይም ይረክሳል ማለት ብቻውን በቂ መልስ ሆኖ አይቈጠርም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንመለስ። በጥብቅ ዱር ውስጥ የመኪና መንገድ ባይኖርም፥ ለእግረኛና ለጭነት ከብት የሚሆን ቀጭን መንገድ አለ። ይህ መንገድ በየዓመቱ ካልታደሰ ይጠፋል። በክረምት በረዶና ነፋስ የጣሉት ዛፍ ይዘጋዋል፤ የዝናብ ውሃ ይሸረሽረዋል፤ ቍጥቋጦው ከግራና ከቀኝ በቅሎ ይጋጠምበታል። ስለዚህ በበጋ ሠራተኞች መሣሪያቸውንና ስንቃቸውን በበቅሎ ጭነው ይገባሉ፤ ድንኳን ተክለው ብዙ ቀን ያድራሉ፤ ግንድ ይቈርጣሉ፥ የውሃ መውረጃ ይቀዳሉ፥ ድንጋይ ይደረድራሉ።

ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ ፑላስኪ ይባላል። ይህም በአንድ ወገን መጥረቢያ፥ በሌላው ወገን ዶማ የሆነ፥ በአንድ እጀታ ሁለት ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከደን ጠባቂው ከኤድ ፑላስኪ ነው። ይህ ሰው በ1910 በአይዳሆ ታላቅ የደን ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ፥ አብረውት እሳት ያጠፉ የነበሩትን አርባ ያህል ሰዎች ወደ አንድ የማዕድን ዋሻ አስገብቶ አብዛኞቹን ከሞት ያተረፈ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋነኛው ግን ባለ ሁለት እጀታው መጋዝ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በየተራ መጋዝ ሲስቡ ያየ አንባቢ፥ ነገሩ የጉልበት ብቻ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ጥበብ አለበት። የመጋዙ ርዝመት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ጥርሶቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዶቹ እንደ ቢላዋ ስል ሆነው የእንጨቱን ጭረት በግራና በቀኝ ይቈርጣሉ። ሌሎቹ ከእነዚህ በጥቂቱ አጠር ብለው የተቈረጠውን እንደ መላጊያ እያነሡ ያወጣሉ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ፍቅፋቂውን ተሸክሞ ከግንዱ ውጭ ይጥለዋል። ስለዚህ መጋዙ በሚገባ የተሳለ እንደ ሆነ የሚወጣው እንደ ዱቄት ያለ ሰጋቱራ ሳይሆን፥ ረጅምና ጥቅልል ያለ ፍቅፋቂ ነው። አዋቂ ሠራተኛ መሬት ላይ የወደቀውን አይቶ የመጋዙን ስለት ይፈርዳል። መጋዙን በሞረድ መሳል ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጥርሱን አላግባብ የሞረደ ሰው የሁለት ሰዎችን ቀን ያበላሻል። ብዙ አዋቂዎች ከሁሉ የሚመርጡትም ዛሬ የሚሠራውን ሳይሆን፥ የሞተር መጋዝ ከመስፋፋቱ በፊት የተሠራውን አሮጌውን መጋዝ ነው።

የአሠራሩ ዋና ደንብ «ሳብ እንጂ አትግፋ» የሚል ነው። ብረቱ ስስ ስለ ሆነ የተገፋ እንደ ሆነ ይጐብጣል፤ ስለዚህ አንዱ ሲስብ ሌላው እጁን አላልቶ መልቀቅ አለበት። ጉልበቱን ለማሳየት የሚቸኵል ሰው ጓደኛውን ያደክማል እንጂ ሥራውን አያፈጥንም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ከመቍረጥ በፊትም ግንዱን ማንበብ ያስፈልጋል። ግንዱ ጫፍና ጫፉ በመሬት ላይ ተደግፎ መካከሉ ተንጠልጥሎ ከሆነ፥ የላይኛው ወገኑ የተጨመቀ፥ የታችኛው ወገኑ የተወጠረ ነው። እንዲህ ያለውን ከላይ ቢቈርጡት ስንጥቁ እየተገጣጠመ መጋዙን ይነክሰዋል። ስለዚህ መጋዙ ጥቂት እንደ ጠለቀ ከበስተኋላው ሽብልቅ ይመቱበታል፤ ሽብልቁም ስንጥቁን ከፍቶ ይይዘዋል። አንድ ጫፉ ብቻ የተደገፈ ግንድ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተወጠረው የላይኛው ወገን ነው። ይህን ሳያስተውል የሚቈርጥ ሰው ግንዱ በድንገት ተሰንጥቆ ወይም ተንከባሎ ሊያቈስለው ይችላል። ስለዚህም የደን አገልግሎት በሞተር መጋዝም ሆነ በእጅ መጋዝ የሚሠራለት ሰው አስቀድሞ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን? የሕጉ ደጋፊዎች ሦስት ምክንያት ይሰጣሉ። መጀመሪያ፥ የሞተር ድምፅ ወሰን የለውም። የአንድ የሞተር መጋዝ ጩኸት ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይሻገራል፤ ጸጥታ ፍለጋ ብዙ ቀን በእግሩ ለተጓዘ ሰው፥ በዚያም ለሚኖሩት አራዊት፥ ዱሩ በዚያን ሰዓት ዱር መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፥ ሞተር ብቻውን አይመጣም። ለሞተሩ ቤንዚን፥ ለቤንዚኑ ማመላለሻ፥ ለማመላለሻው መንገድ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ለግንድ የተፈቀደው ነገ ለድልድይ፥ ከነገ ወዲያም ለሌላ ይጠየቃል። ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ሰው የሚችለውን ሁሉ የማያደርግበት፥ ዐውቆ እጁን የሚሰበስብበት አንድ ቦታ በምድር ላይ ይኑር የሚል ነው። ጠባቂው ራሱ ካልታገሠ ሌላውን ታገሥ ሊል አይችልም።

በሌላ ወገን የሚነሡትም ሰዎች የዱር ጠላቶች አይደሉም። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በዚያ ሲመላለሱ የኖሩ የበቅሎ ጫኞችና መንገደኞች ናቸው። እነርሱ የሚሉት እንዲህ ነው፤ ሕጉ በወጣበት ዘመን በአንድ መንገድ ላይ በየዓመቱ የሚወድቀው ዛፍ ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን በትልልቅ ቃጠሎና በቅርፊት በሊ ጥንዚዛ ምክንያት ጫካ በሙሉ ደርቆ ቆሟል፤ በአንድ የነፋስ ቀን መቶና ሁለት መቶ ግንድ በመንገድ ላይ ይጋደማል። ይህን በእጅ መጋዝ ጠርጎ ሳይጨርሱ ሌላው ይወድቃል። ሠራተኛውም በደረቁ ዛፎች ሥር በቆየ መጠን አደጋው ይበዛል። መንገዱ ሲዘጋ መንገደኛው ግንዱን እየዞረ በየአቅጣጫው አዲስ ዱካ ያወጣል፤ ይህም አፈሩን ይጐዳል። በመጨረሻም መንገዱ የጠፋበት ዱር ለጠንካሮች ብቻ ይቀራል፤ ሽማግሌውና ልጆቹን ይዞ የሚመጣው አባት ከደጁ ይመለሳሉ።

ይህ ክርክር በወሬ ብቻ አልቀረም፤ እስከ ፍርድ ቤትና እስከ ምክር ቤት ደርሷል። በዋሽንግተን ግዛት በግሌሲየር ፒክ ጥብቅ ዱር ውስጥ፥ በግሪን ማውንቴን ላይ በ1933 የተሠራ የእሳት ቃጠሎ መጠበቂያ ቤት አለ። ይህ ቤት ስላረጀ የደን አገልግሎት ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ አደረገ፤ ዕቃውንም በሄሊኮፕተር አመላለሰ። ነገሩ ተከሶ በ2012 ፍርድ ቤቱ ሕግ ተጥሷል ሲል ቤቱ እንዲነሣ አዘዘ። ነገር ግን የአካባቢው ሕዝብ ቤቱን ይወደው ስለ ነበር፥ ምክር ቤቱ በ2014 ለዚያ ቤት ብቻ የሚሆን ሕግ አውጥቶ በስፍራው እንዲቆይ አደረገ። ከዚህ የምንማረው፥ ፍርድ ቤቱ ሕጉን እንደ ተጻፈ መፍረዱን፥ ሕዝቡም ልዩ ፈቃድ በፈለገ ጊዜ በግልጽና በሕግ አውጪው በኩል ማግኘቱን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በቀጥታ የመጋዙ ነው። በኮሎራዶ የዌሚኑችና የሳውዝ ሳን ሁዋን ጥብቅ ዱሮች፥ ስፕሩስ የሚባለውን ዛፍ ጥንዚዛ ስለ ፈጀው መንገዶቹ በወደቀ ግንድ ተዘግተው ነበር። በ2019 የደን አገልግሎት የአካባቢው ባለሥልጣን በዚያው በጋ በሞተር መጋዝ እንዲጠረጉ ፈቀደ። የአካባቢ ጥበቃ ማኅበሮች ግን ወዲያው ከሰሱ። መሥሪያ ቤቱም ፈቃዱን ራሱ አነሣው፤ መንገዱም እንደ ቀድሞው በእጅ መጋዝ ለሚሠሩት ሰዎች ተመለሰ።

ሁለቱን ወገኖች ስንመዝን አንድ ቁጥር መመልከት ይጠቅማል። የአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥትን ሥራ የሚያስመረምርበት መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ዘገባ፥ በደን አገልግሎት ሥር ካለው 254,000 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ በደረጃው መሠረት ተጠብቆ የተገኘው ሩቡ ብቻ ነው ብሏል፤ ሳይሠራ የተከማቸው ጥገናም በ2012 የበጀት ዓመት 314 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። ይህ ቁጥር የጥብቅ ዱርን መንገድ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከዚያ ውጭ ያለውን፥ የሞተር መጋዝ ያልተከለከለበትን ብዙ መንገድ ሁሉ ይጨምራል። እንግዲህ ሞተር በተፈቀደበትም ስፍራ መንገዱ ካልተጠበቀ፥ የችግሩ ሥር የመጋዙ ዓይነት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የሚበልጠው የገንዘብና የሰው ማነስ ነው። በጥብቅ ዱር ውስጥ ክልከላው ሥራውን እንደሚያከብደው ግን አይካድም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሕጉ ትልቅ ጥቅም ሞተርን መከልከሉ ብቻ ሳይሆን፥ በተፈለገ ቍጥር ምክንያቱ እንዲጠየቅ ማድረጉ ነው። ሰው ሊሞት ሲል ሞተሩ ይግባ፤ የእጅ መጋዝ በእርግጥ ሊወጣው የማይችለው አደጋ ሲመጣም፥ ቦታውና ቀኑ ተወስኖ፥ ምክንያቱም ለሕዝብ ተገልጾ ይፈቀድ። ነገር ግን «ይፈጥናል» በሚል ቃል ለሰፊ አገር በጅምላ የተፈቀደ እንደ ሆነ፥ ልዩ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ልማድ ይሆናል። የማይፈጥን ሥራ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ፍጥነት በቂ ምክንያት ከሆነ ዱር ሊቀር የሚችልበት ስፍራ አይኖርም።

ይህን የሚል ሰው ግን ዕዳ አለበት። የእጅ መጋዝ ይሁን ብሎ በከተማ ተቀምጦ መናገር ቀላል ነው፤ ግንዱ ግን በንግግር አይነሣም። የሕጉ ወዳጆች ይህን ስለ ተረዱ፥ በየበጋው ብዙ በጎ ፈቃደኞች፥ ከእነርሱም ውስጥ ተማሪዎች፥ መጋዝ መሳብና መሳል እየተማሩ ወደ ዱር ይገባሉ። በ2016 የወጣው ሕግም በበጎ ፈቃደኞችና በማኅበሮች የሚሠራው የመንገድ ጥገና በአምስት ዓመት ውስጥ እጥፍ እንዲሆን ግብ አድርጎ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ለጥቂት ደመወዝተኞች የማይቻለው ለብዙዎች ይቻላል።

ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲሠራበት አልተበጀም። «ዱሩ ጸጥ ብሎ ይቆይ» የሚል ሁሉ ከእጀታዎቹ አንዱ የእርሱ መሆኑን ያስብ። እርሱ ካልያዘው መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲዘጋም ለሞተሩ የሚከራከረው ወገን እውነት እያገኘ ይሄዳል።